ፍሎክስ የሚባለው አበባዬ ዱቄት የተነፋበት መስሏል፣ ቅዳሜ ሳምንት ክርስትና አለብኝ፣ ቶሎ እርዱኝ!!

የሲልቨር ስፕሪንጓ፦ ሰላም ቤተሰብ፣ እባካችሁ የምታውቁ ቶሎ በሉኝ። አጥሩ ሥር ያለው ፍሎክስ ቅጠሉ በሙሉ ነጭ ሆነብኝ፣ ዱቄት በወንፊት የነፉበት ነው የሚመስለው፣ ከታች ጀምሮ እየወጣ ነው፣ የታችኞቹማ ቢጫ ሆነው እንደ ድርቆሽ እየተሰባበሩ ነው። ጫፉ ላይ ግን እምቡጥ ይዟል ሊፈነዳ ነው። ቅዳሜ ሳምንት ልጄ 80 ቀኗ ስለሆነ ክርስትና ነው፣ ቀኑ አይገፋም፣ ድንኳኑ ደግሞ እሱ ፊት ለፊት ነው የሚተከለው። ልታርሰኝ የመጣችው እናቴ «ጎመኑን ሳይጨርሰው ንቀይው» ብላ አካፋ ይዛ ቆማለች። ልንቀለው? ምን ልርጨው?

ቡና ጠጪው፦ እንኳን ማርያም ማረችሽ። ዱቄት ከሆነማ ለድፎው ይሆናል ሃሃሃ

የቨርጂኒያ እማማ፦ እንኳን ማርያም ማረችሽ የኔ ልጅ። ወተት! አንድ እጅ ወተት በዘጠኝ እጅ ውሃ በጥብጠሽ ጠዋት ፀሐይ ሲወጣ እርጪው። እኔ ዱባዬን በዚህ ነው ያዳንኩት።

ጋሽ አትክልት፦ በመጀመሪያ ደረጃ ፍሎክስ ምን ዓይነት ተክል እንደሆነ ሳይታወቅ መድኃኒት መፈለግ ትክክል አይደለም። ይህ ተክል የዚሁ የምሥራቅ አሜሪካ ተወላጅ ነው፣ በወንዝ ዳርና በጫካ ጠርዝ በራሱ የሚበቅል። በክረምት ላዩ ይሞታል ሥሩ ግን ይተኛል፣ በፀደይ ያቆጠቁጣል፣ እንደ አደይ አበባ ከዘር የሚጀምር አይደለም። በየ3 ወይ 4 ዓመቱ ተቆፍሮ መከፈል አለበት፣ ካልተከፈለ መሐሉ ይራቆታል። ብዙ ሰው ይህን ሳያውቅ ይተክልና በኋላ ይጮሃል።

ቡና ጠጪው፦ ጋሼ ክረምት ሲሉ ስኖው ነው ወይስ ሐምሌ? አሁን ሐምሌ ነው እኮ ክረምት ነው

ጋሽ አትክልት፦ የዚህን አገር ክረምት ማለቴ ነው ልጄ። ገብቶሃል።

ዳላስ ነኝ፦ እኔ ግን በሽታ ነው መባሉ ራሱ አልተዋጠልኝም። ጎረቤት ኖራ ወይ የአረም መድኃኒት በትኖ ነፋስ ያመጣው ቢሆንስ? እናንተ ደግሞ ሳታዩ ወተት ታዛላችሁ። ደግሞ አጠጣጧን ማን ጠየቃት?

የሆለታው ልጅ፦ እህቴ አንድ ቅጠል ያዢና በአውራ ጣትሽ እሺው። ነጩ ለቆ ጣትሽ ላይ ከቀረና ከሥሩ ያለው ቅጠል ወይን ጠጅ ወይ ቢጫ ነጠብጣብ ካለው ፓውደሪ ሚልዲው የሚባለው የቅጠል ሻጋታ ነው። ስንት ግንድ አለው? ፀሐይ ስንት ሰዓት ያገኛል? መቼ ነው የምታጠጪው? ዘንድሮ ግንዱን አሳስተሽዋል?

የሲልቨር ስፕሪንጓ፦ አሸሁት ለቀቀ፣ ነጠብጣብም አለው። አራት ናቸው ተጠጋግተው ነው የተከልኳቸው ቶሎ እንዲሞላልኝ ብዬ፣ ግንዱን ቆጥሬ 30 ስደርስ ተውኩት። ጠዋት ፀሐይ አለው ከሰዓት የጎረቤት ዛፍ ይጋርደዋል። ውሃው ስፕሪንክለር ነው ማታ 3 ሰዓት ላይ በራሱ ይከፈታል። ማሳሳት ምንድነው? ዘንድሮ ወልጄ ተኝቼ እኮ ነው ማን ይነካዋል

ዳላስ ነኝ፦ ይኸው! ማታ ቅጠሉ ላይ ውሃ! አልኩ እኮ

የሆለታው ልጅ፦ አላልክም፣ ኖራ ነው ያልከው። ለነገሩ ውሃውም ብቻውን አይደለም፣ ይሄኛው ሻጋታ እንደሌሎቹ ቅጠሉ መርጠብ አያስፈልገውም፣ ዘሩ በነፋስ ነው የሚሄደው፣ የሚወደው እርጥብና የታፈነ አየር ነው። አገር ቤት አበባ እርሻ ስሠራ ጽጌረዳው ላይ ስንታገለው የኖርነው የዚሁ ዘመድ ነው፣ ግሪንሃውሱ ሳይተነፍስ ካደረ ጠዋት ነጭ ሆኖ ታገኚዋለሽ። ያንቺ 30 ግንድ አጥር ላይ ተለጥፎ ማታ ውሃ ሲጨመርበት ያው ነው። ስለዚህ አትንቀዪው፣ ብዙ ጊዜ አይገድለውም መልኩን ነው የሚያበላሸው። እምቡጥ የሌላቸውን ቀጫጭኖቹን ግንዶች ከሥር ቁረጪ፣ ከቀሩት ላይ የታችኛውን የታመመ ቅጠል ልቀሚ፣ በፌስታል አስረሽ ቆሻሻ ውስጥ እንጂ ኮምፖስት ውስጥ እንዳትጨምሪው። ስፕሪንክለሩን ጠዋት አድርጊው፣ ከተቻለ ጎማ ሥሩ ላይ ለቀቅ አድርገሽ ብቻ አጠጪ። ነጭ የሆነ ቅጠል ተመልሶ አረንጓዴ አይሆንም፣ የምትረጪው ነገር ንፁሁን ለመጠበቅ ነው። ፖታሲየም ባይካርቦኔት የሚባል የሻጋታ መድኃኒት አለ፣ የማሸጊያውን መመሪያ አንብቢ፣ መጀመሪያ አንድ ቅጠል ላይ ሞክሪ፣ ንብ በሌለበት ሰዓት እርጪ። ድኝ አትርጪ፣ ከ90 ፋራናይት በላይ ሲሞቅ ቅጠሉን ያቃጥላል፣ አሁን ደግሞ እሳት ነው። ለጎመኑ እናትሽን አታስፈሪያት፣ ፓውደሪ ሚልዲው በአብዛኛው የራሱን ቤተሰብ ነው የሚይዘው፣ የፍሎክሱ ጎመን ላይ አይዘልም።

የቨርጂኒያ እማማ፦ ወተቱንም እንዳትረሺ፣ አንድ በዘጠኝ።

ቡና ጠጪው፦ ወተቱን ለአራሷ ስጧት እንጂ እማማ

ኮሎምቢያ ሄይትስ፦ ቤኪንግ ሶዳም ይሠራል እኔ ሁሌ እሱን ነው

የሆለታው ልጅ፦ ሶዳው ጨው አለው ሲደጋገም ቅጠል ያቃጥላል። ወተቱን ብራዚል ውስጥ ዝኩኒ ላይ ሞክረውት ሠርቷል፣ ፍሎክስ ላይ እኔ አልሞከርኩትም፣ እማማ ይቅርታ። ይሸታል ግን፣ ድግስ ሊኖር ነው።

የፎልስ ቸርቿ፦ እኔ ሦስት ዓመት ተቃጥዬ በመጨረሻ ዓይነቱን ቀየርኩት። ደላዌር ያለው ማውንት ኩባ የሚባለው የአትክልት ማዕከል ከ2015 እስከ 2017 ብዙ ዓይነት ፍሎክስ ጎን ለጎን ተክሎ ሲያነፃፅር አንደኛ የወጣው ጂና የሚባለው ነው፣ አበባው ደቃቅ ነው ግን ቅጠሉ ንፁህ ነው ቢራቢሮውም እሱን ነው የሚመርጠው። ነጭ ከፈለግሽ ዴቪድ አለ፣ ከድሮዎቹ ይሻላል ግን እሱም ጭራሽ አይያዝም አይባልም። በነገራችን ላይ ዘሩ ወድቆ የሚበቅለው እናቱን አይመስልም፣ ሮዝ የገዛሽው በኋላ ወይን ጠጅ ሆነብኝ ካልሽ ሻጩን አትክሰሽ።

ጋሽ አትክልት፦ ርቀትም መጠቀስ ነበረበት። በመሐላቸው ቢያንስ ሁለት ጫማ። በፀደይ አንድ ስንዝር ገደማ ሲረዝም ከ5 እስከ 7 ጠንካራ ግንድ ትቶ ሌላውን መቁረጥ፣ ማሳሳት ማለት ያ ነው ልጄ።

የሲልቨር ስፕሪንጓ፦ ኧረ ጉድ፣ ይሄን እያነበብኩ እናቴ አንዱን ነቅላዋለች!!! ሥሩ እንዳለ ወጥቶ ሣሩ ላይ ተጋድሟል ምን ላድርገው አሁን

የሆለታው ልጅ፦ አይዞሽ፣ እንዲያውም ሦስቱ ይተነፍሳሉ። ሥሩ ሳይደርቅ ፕላስቲክ ባልዲ ታቹን በስተሽ አፈር ሙዪበትና ትከይው፣ ግማሹን ቁረጪለት፣ ጥላ ሥር አስቀምጪው፣ አፈሩ አይድረቅ። ዘንድሮ ላያብብ ይችላል። ሲበርድ ሴፕቴምበር ላይ ከሌሎቹ ራቅ አድርገሽ ትመልሺዋለሽ።

ቡና ጠጪው፦ እማማ ወታደር ናቸው። ድንኳኑን አንድ ክንድ ወደፊት ትከሉት በቃ፣ ዶሮው ሲቀርብ ቅጠል የሚያይ የለም

የፎልስ ቸርቿ፦ ክርስትናው እንዴት ሆነ? እምቡጡ ፈነዳ?

ኮሎምቢያ ሄይትስ፦ እኔም መልሱን እየጠበቅኩ ነው፣ የኔም ከታች ጀምሮታል፣ ሶዳውን ትቼዋለሁ

የቨርጂኒያ እማማ፦ ወተት።