የጥቁር እንጨት ቅርፊት ለገበያ ይውጣ ወይስ ይቅር?

አወያይ፦ የዛሬው መከራከሪያ ይህ ነው። በካፋ፣ በሸካና በባሌ ሐረና ደኖች የሚበቅለውን ጥቁር እንጨት፣ ኦሮምኛው ሆሚ የሚለውን፣ ቅርፊቱን እየላጡ ወደ ውጭ መሸጥ ይፈቀድ? ቅርፊቱ አውሮፓ ውስጥ ለፕሮስቴት እብጠት መድኃኒት ይሠራበታል። ዛፉ ከ1995 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በሳይተስ፣ ማለትም ለመጥፋት የሚያሰጉ የዱር እንስሳትና ዕፅዋትን ዓለም አቀፍ ንግድ በሚቆጣጠረው ስምምነት፣ ሁለተኛ አባሪ ላይ ሰፍሯል።

ዋንዛ፦ ይፈቀድ። ሁለተኛው አባሪ ንግዱን አልከለከለም፤ የመላኪያ ፈቃድና ዝርያውን እንደማይጎዳ ማረጋገጫ ነው የሚጠይቀው። አርሶ አደሩ ከቆመ ዛፍ ሳንቲም ካላገኘ ጣውላ ያደርገዋል። አላላጡ ደግሞ የታወቀ ነው፦ በደረት ቁመት ውፍረቱ 30 ሴንቲ ሜትር ያልሞላ አይነካም፤ በሜትር ስትጠመጥሙበት ዙሪያው 94 ገደማ ማለት ነው። ዙሪያውን ለአራት ከፍሎ ፊት ለፊት የሚተያዩትን ሁለቱን ብቻ መላጥ፣ እስከ መጀመሪያው ቅርንጫፍ። የቀሩት ሁለቱ ቢያንስ 5 ዓመት ይቆያሉ።

ኮሶ፦ ካሜሩንም ይህንኑ ደንብ ይዛ ነበር። ውጤቱ በ2007 እ.ኤ.አ. የአውሮፓ ኅብረት ቅርፊቷን መቀበል ለጊዜው ማቆሙ ሆነ። ለምን? ላጩ የሚከፈለው በኪሎ ነው፤ ቅርፊቱ ሲደርቅ ክብደቱ በግማሽ ገደማ ስለሚቀንስም ብዙ ይልጣል። 30 ሜትር ዛፍ ላይ በገመድ ተንጠልጥሎ ሁለት አራተኛ ብቻ ለክቶ የሚወርድ ስንቱ ነው? ከታች ዙሪያውን ልጦ ይሄዳል፣ ወይም ይጥለዋል። ቅጠሉ ያዘጋጀው ምግብ ወደ ሥር የሚወርደው በቅርፊቱ በኩል ስለሆነ ዙሪያው ሲላጥ ሥሩ ይራባል። ክፋቱ ቶሎ አይታወቅም። ተቆጣጣሪ ሲደርስ ዛፉ ገና ለምለም ነው፤ ጫፉ መድረቅ የሚጀምረው በኋላ ነው።

ዋንዛ፦ ይህ የገጀራ ጥፋት ነው። ከቅርፊቱ ሥር ያለችው የምታዳልጥ ስስ ሽፋን ሳትቆረጥ ከቀረች ቅርፊቱ ተመልሶ ይወጣል። ስለቱ እንጨቱን ከነካ ግን እዚያ ይደርቅና ነቀዝ ይገባበታል። ስልጠና የሚፈታው ነገር ነው።

ቀርከሃ፦ ሁለታችሁም ያረጀውን ዛፍ ብቻ ነው የምታዩት። ተተኪውስ? ደን ቡና ውስጥ በየዓመቱ ምንጠራ አለ፤ ጉልበት የማይደርሰው የጥቁር እንጨት ቡቃያ ከቁጥቋጦው ጋር አብሮ ይታጨዳል። ከላይ ትልልቁ ቆሟል፣ ከሥር ባዶ ነው። በምንጠራ ጊዜ ቡቃያው ላይ ምልክት አስሮ መተው ምንም ወጪ የለውም።

ኮሶ፦ ዘሩን ሰብስቦ ማፍላትስ?

ቀርከሃ፦ ይቻላል፣ ግን ዘሩ አይቀመጥም። እንደ ባሕር ዛፍ ዘር በከረጢት ለከርሞ የሚሉት አይደለም። ፍሬው ወይን ጠጅ ሲመስል ይለቀማል፣ ሥጋው በውኃ ታሽቶ ይለቃል፣ ጥላ ላይ ይንጠፈጠፋል፤ ፀሐይ ላይ ከተሰጣ አለቀለት። በቶሎ፣ ቢቻል በዚያው ሳምንት መደብ ላይ ይዘራል፤ አንድ ሴንቲ ሜትር አፈር፣ ከላይ ዳስ። ለመብቀል ከአንድ እስከ ሁለት ወር ይወስድበታል። ብዙ ችግኝ ጣቢያ «ዘሩ መካን ነው» የሚለው ያሳደረውን ዘር ዘርቶ ነው።

ወይራ፦ ከሁሉ በፊት ቆጠራ! በየውፍረቱ ስንት ዛፍ እንዳለ ሳይታወቅ ማረጋገጫ የሚፈርመው ማን ነው?

ዋንዛ፦ እሺ፣ ከተፈጥሮ ደን ይቅር። በጓሮና በቡና ማሳ ተተክሎ ከደረሰው ብቻ ይሸጥ።

ኮሶ፦ ደርቆ ጆንያ ውስጥ ከገባ በኋላ የጓሮውን ከሐረናው በምን ትለየዋለህ?

ዋንዛ፦ ዛፉ ገና ሲተከል ቀበሌው ይመዝግበዋ፣ በቁጥር።

ኮሶ፦ መዝገቡ 40 ዛፍ ይላል እንበል፤ መጋዘን የገባው የ100 ዛፍ ቅርፊት ነው። ለቀበሌው ሚዛኑን ማን ያሳየዋል?