ክርክር፦ በጦርነት የሰጠመ መርከብ ነዳጁ ይቀዳ ወይስ አይነካ?

ኤፍሬም፦ መነሻዬ ሚሲሲኔዋ የምትባለው የአሜሪካ ባሕር ኃይል ነዳጅ ጫኝ መርከብ ናት። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት መሀል አሜሪካ፣ ሜሪላንድ ተሠርታ በ1944 (ዘመኑ ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ ነው) ሥራ ጀመረች። በዚያው ዓመት ኖቬምበር 20 ማለዳ ፓሲፊክ ውቅያኖስ ውስጥ ባለችው ኡሊቲ መልሕቋን ጥላ እንደቆመች፣ ካይተን የሚባለው በሰው የሚነዳ የጃፓን ቶርፔዶ (በውሃ ውስጥ የሚሄድ ፈንጂ) መታት። 63 ሰው አለቀ። በ2003 ባሕር ኃይሉ ነዳጇን ቀድቶ አወጣ። እኔ መነካት አልነበረባትም ባይ ነኝ። መቃብር እኮ ናት! ሃዋይ፣ ፐርል ሃርበር የሰጠመው የአሜሪካ የጦር መርከብ አሪዞና እስከ ዛሬ ዘይት ያንጠባጥባል፣ ግን 1,177 ሰው ስለሞተበት በክብር ተትቷል።

ሳምራዊት፦ ኤፍሬም፣ ለሞቱት ያለህ ክብር ይገባኛል። ግን የኡሊቲን ሰው የት ጣልከው? ኡሊቲ በማይክሮኔዥያ ያፕ ግዛት ያለች የኮራል ደሴቶች ስብስብ ናት፣ ሰዉ የሚበላውን ዓሣ የሚያወጣው መርከቧ ከተኛችበት ከዚያው ውሃ ነው። በ2001 አውሎ ነፋስ ካለፈ በኋላ ነዳጁ መፍሰስ ጀመረ። ጦርነቱን እነሱ አላመጡትም፤ እንዲያውም አሜሪካኖቹ ከኡሊቲ ደሴቶች አንዷ የሆነችውን የሞግሞግን ነዋሪዎች ወደ ሌላ ደሴት አዛውረው ቦታውን የመርከበኞች መዝናኛ አድርገውት ነበር። ከዚያ በላይ ደግሞ ዓሣቸው ይበከል?

መቃብር ተደፈረ የምትለውም አይገባኝም። መርከቧ የተኛችው ተገልብጣ ነው። ነዳጅ ከውሃ ስለሚቀል ወደ ላይ ወጥቶ፣ ድሮ የመርከቧ ሆድ በነበረው ብረት ሥር ተጠራቅሟል። ጠላቂዎቹ መጀመሪያ ቫልቭ (የሚከፈትና የሚዘጋ መቆጣጠሪያ) ብረቱ ላይ ከውጭ አሰሩ፣ ከዚያ በቫልቩ ውስጥ መሰርሰሪያ አስገብተው ብረቱን በሱት፣ ነዳጁ ባሕሩን ሳይነካ በቱቦ ወደ ላይ ወጣ። ሰው የሞተበት ክፍል መግባት አላስፈለገም። በዚህ መንገድ ወደ 1.8 ሚሊዮን ጋሎን አወጡ። ያ ሁሉ እስኪፈስ ይጠበቅ ነበር?

ዳዊት፦ እኔን የሚያናድደኝ የገንዘቡ ጉዳይ ነው። አሜሪካ በ2018 በማርሻል ደሴቶች፣ ኳጃሊን ላይ የሰጠመውን የቀድሞ የጀርመን የጦር መርከብ የፕሪንዝ ኦይገንንም ነዳጅ ቀድታለች፣ ግን እዚያ የጦር ሰፈር አላት። እዚያው ማይክሮኔዥያ ያለችው ቹክስ? በፌብሩዋሪ 1944 የተመቱት የጃፓን መርከቦች ከነነዳጅ ጫኞቹ እዚያው ናቸው። ደሴተኞቹ ከየት አምጥተው ይክፈሉ?

ኤፍሬም፦ የሚፈስ ከሆነ እሺ፣ ይቀዳ። ሳይፈስ ግን ማንም አይንካው።

ሳምራዊት፦ መፍሰስ ከጀመረማ ረፈደ! ጨው ውሃ ብረቱን በየዓመቱ ይበላዋል፣ በሳሳ ቁጥር ቫልቭ ማሰርም እየከበደ ይሄዳል። ስለዚህ ባለመርከቡ አገር ብረቱ ሳይሳሳ ከአሁኑ ይቅዳው፣ ወጪውንም ራሱ ይሸፍን። የሞቱት ስም እዚያው በክብር ይቀመጥ፣ ማን ከለከለ?