የታርጋ መብራት በኤልኢዲ ልቀይር ነው፣ ራሴ እችለዋለሁ ወይስ ኤሌትሪሺያን ጋር ልውሰደው?

ኮሮላ_ከሳሪስ፦

ሰላም ጓዶች እንዴት ናችሁ። መኪናዬ 2004 ኮሮላ ነች፣ እስካሁን ብዙም አላስቸገረችኝም። ባለፈው ከምሽቱ 2 ሰዓት ገደማ ከቢሾፍቱ ስመለስ ትራፊክ አስቆመኝና ታርጋህ አይታይም አለኝ፣ እኔ ጭቃ መስሎኝ ወርጄ በሶፍት ልጠርግ ስል ለካ መብራቱ ነው። የግራው ጭራሽ የለም፣ የቀኙ ደግሞ ሊያልቅ እንደደረሰ ሻማ ጭል ጭል ይላል። ሰውየው ጥሩ ሰው ነበር፣ መክሮ ለቀቀኝ። በማግስቱ አንድ ጋራዥ ጎራ ብዬ ሳሳይ ልጁ የኋላ ኮፈኑን እንኳን ሳይከፍት "ሙሉ ዋየሪንጉ መቀየር አለበት" ብሎ የጠራልኝን ብር ብነግራችሁ ትስቃላችሁ። ለሁለት ፍሬ አምፖል!

እናም ተናድጄ ሶማሌ ተራ ሄድኩና ሁለት ኤልኢዲ ገዛሁ፣ ሻጩ "ቲ10 ነው፣ ዓይንህን ጨፍነህ ግጠመው" ብሎኛል። አሁን ግን ፈራሁ። ራሴ ብቀይረው ፊውዝ ያቃጥላል ወይ? ደግሞ ሻጩ ጋ ሰማያዊም ነበረው፣ ማታ ሲታይ በጣም ነው የሚያምረው፣ ሄጄ ባስቀይረው ችግር አለው? በታርጋው ዙሪያ የሚለጠፍ የመብራት ስትሪፕም አሳይቶኛል፣ እሱን የሞከረ ካለ ይንገረኝ። እጄ ላይ ያለው ካቻቢቴ፣ ፒንሳና ናስትሮ ነው፣ ቴስተር ከጎረቤት እዋሳለሁ።

ባለቴስተሩ፦

ወንድም ተረጋጋ፣ ዋየሪንግ ምናምን የሚባል ነገር የለም። ያንተ ኮሮላ ላይ ያለው 12 ቮልት 5 ዋት የሆነው ቂጡ ጠፍጣፋ አምፖል ነው፣ ሻጩ ቲ10 ያለህ ልክ ነው፣ አንዳንዱ ካርቶን ላይ ደብሊው5ደብሊው ይላል ያው እሱ ነው። ፊውዝ ላልከው፣ ኤልኢዲ ከድሮው አምፖል በጣም ያነሰ ነው የሚስበው፣ ሁለቱ አምፖል አንድ ላይ 10 ዋት ማለት 0.8 አምፔር ገደማ ነው፣ ኤልኢዲው ግን አብዛኛው አንዱ 1 ዋት እንኳን አይሞላም። ፊውዝ የሚቃጠለው መብራቱ እየበራ ሶኬቱ ውስጥ በካቻቢቴ ስትጎረጉር ነው። እና ልብ በል፣ የታርጋ መብራት ለብቻው ፊውዝ የለውም፣ ቴይል የሚለውን ከኋላ ፓርኪንግ መብራት ጋር ነው የሚጋራው፣ እሱን ካቃጠልክ ታርጋው ብቻ ሳይሆን ኋላህ በሙሉ ጨለማ ነው። ስለዚህ መብራቱን አጥፋ ቁልፉን ንቀል ከዛ ጀምር።

አከፋፈቱ እንደ መኪናው ይለያያል፣ አንዳንዱ ሽፋን በሁለት ትንንሽ ብሎን ይያዛል፣ አንዳንዱ ክሊፕ ነው፣ በጠፍጣፋ ካቻቢቴ ወደ ጎን ገፋ ስታደርገው ይለቃል። የካቻቢቴውን ጫፍ በናስትሮ ጠቅልለው ቀለሙን እንዳይፍቀው። ደግሞ በጠዋት ብርድ አትነካካው፣ ሃያ ዓመት ፀሐይ የበላው ፕላስቲክ ነው፣ ቀትር ላይ ሞቅ ሲል ነው እሺ የሚልህ፣ እኔ የጓደኛዬን አንዱን ክሊፕ ጧ አድርጌበት እስከ ዛሬ በሙጫ ነው የሚሄደው። ሶኬቱን ትንሽ ስታዞረው ይወጣል፣ አምፖሉ ግን አይዞርም ቀጥ ብሎ ነው የሚሳበው። ኤልኢዲ ፕላስና ማይነስ ስላለው ገጥመህ ካልበራ ተበላሸ ብለህ ሶማሌ ተራ እንዳትመለስ፣ ገልብጠህ ክተተው ይበራል።

ግን አንድ ነገር ልጠይቅህ፣ የቀኙ ለምን ደከመ? የግራው ተቃጥሎ ሊሆን ይችላል፣ አምፖል ወይ ይሠራል ወይ ይቃጠላል፣ ጭል ጭል ማለት ግን ብዙ ጊዜ የአምፖል አመል አይደለም። ኤልኢዲውን ከመግጠምህ በፊት ሶኬቱ ላይ ስንት ቮልት እንደሚደርስ ለካና ንገረኝ።

ሸገር_ራይድ፦

ሰማያዊውን ግጠመው ብሮ፣ ፊት ለፊት ደግሞ አበባ ጨምርበትና ቅዳሜ ቅዳሜ ሙሽራ ታመላልስበታለህ ሃሃሃ

የምሬን ግን ተወው። የኛ ታርጋ ኮድ 2 ጽሑፉ ራሱ ሰማያዊ ነው፣ በሰማያዊ መብራት ስታየው ነጩም ሰማያዊውም አንድ ይሆንና ቁጥሩ አይነበብም። ስትሪፑን ደግሞ እኔ ሞክሬዋለሁ፣ ሐምሌ ላይ ነው የለጠፍኩት፣ አንድ ሳምንት አማረ ከዛ ዝናቡ ሙጫውን አለቀቀውና እንደ ጭራ እየተጎተተ ቦሌን ዞሯል፣ እኔ አላየሁትም። ላቫጆ የሚያጥበው ልጅ ነው "አለቃ ይሄ ያንተ ነው?" ብሎ በእጁ የሰጠኝ።

ማናዬ_ቨርጂኒያ፦

ሰላም ለሁላችሁ፣ እኔ አሜሪካ፣ ቨርጂኒያ አሌክሳንድሪያ ነው የምኖረው፣ እዚህም ያው ኮሮላ ነው የምነዳው ሃይማኖት ሆኖብናል። እዚህ ሕጉ የኋላ ታርጋ ማታ ከ50 ጫማ ርቀት ላይ መነበብ አለበት ነው የሚለው፣ 15 ሜትር ገደማ ማለት ነው፣ መብራቱም ነጭ። ድሮ ፖሊስ ለማስቆም የሚመቸው ሰበብ ይሄው የታርጋ መብራት ነበር፣ ጥቁር ሰው ስትሆን ደግሞ ይታወቃል፣ ከ2021 ወዲህ ግን ቨርጂኒያ ውስጥ በሱ ብቻ ማስቆም ቀርቷል። ዓመታዊ ኢንስፔክሽን ላይ ግን አሁንም ያዩታል።

እኔ የማደርገውን ልንገርህ፣ ከቀየርክ በኋላ ማታ ጨለማ ቦታ አቁመህ ከመኪናው ኋላ 20 እርምጃ ያህል ሂድና ዞር ብለህ አንብበው። በስልክህም ፎቶ አንሳው። በጣም የሚያበራ ኤልኢዲ ገዝተህ ከሆነ ዓይንህ ሊያነበው ይችላል ፎቶው ላይ ግን ታርጋው ነጭ ወረቀት ሆኖ ነው የሚወጣው፣ ታርጋው ራሱ ብርሃን የሚያንጸባርቅ ስለሆነ። ያ ጥሩ አይደለም፣ ካሜራ ቁጥርህን አይዝም።

ጎልፍ_እና_ቡና፦

እኔ ደግሞ ከመኪናዬ ጋር የተያያዘ ነገር ልበል፣ ይህን የሚያነብ ሌላ ባለ ጎልፍ ካለ እንዳይሸወድ። ቶዮታ ላይ ቀላል ነው እናንተ እድለኞች ናችሁ። የኔ ላይ ኤልኢዲ እንደገጠምኩ ዳሽቦርዱ ላይ የአምፖል ምልክት በርቶ አልጠፋ አለኝ። ለካ መኪናዋ አምፖሉ የሚስበውን ከረንት እየቆጠረች ነው የምትኖረው፣ ኤልኢዲው ትንሽ ስለሚስብ ተቃጥሏል ብላ ነው የምትነግረኝ። ካንባስ የሚባለውን መግዛት አለብሽ አሉኝ፣ ገዛሁ፣ ምልክቱ ጠፋ፣ ደስ አለኝ፣ በወሩ ሽፋኑ ቢጫ ሆኖ መሃሉ እንደ ማስቲካ ሰመጠ። ካንባስ ማለት ውስጡ ሬዚስተር ተጨምሮበት ድሮ አምፖሉ የሚበላውን ያህል እንዲበላ የተደረገ ነው፣ ያ ሁሉ ሙቀት ወዴት ይሂድ? አንድ ወንድሜ ትርፍ ነገር ነው ብሎ ኖርማሉን 5 ዋት መልሶ ገጠመልኝና ይሄው ሰላም ነኝ።

ኮሮላ ላይ ግን ካንባስ የሚባለውን አትግዛ፣ ምንም ጥቅም የለውም፣ የሚያነብብህ ኮምፒውተር የለም።

ኮሮላ_ከሳሪስ፦

እናመሰግናለን ጓዶች፣ ሰማያዊው ቀርቷል፣ ስትሪፑም ቀርቷል ሃሃ።

ዛሬ ቅዳሜ ስለሆነ ገባሁበት። የግራው አምፖል ሽቦው ተበጥሷል መስታወቱም ጠቁሯል። የቀኙን ነቅዬ ባዶው ሶኬት ላይ በቴስተር ስለካ 12.4 ነው፣ ሙሉ ነው። ከዛ ኤልኢዲዎቹን ከተትኩ፣ አንዱ እንዳላችሁት አልበራ ብሎ ስገለብጠው በራ። ቆንጆ ነው፣ ነጭ ነው፣ የሽፋኑን ውስጥ በሳሙና አጠብኩት አቧራው ቡና ይመስል ነበር። ጉዳዩ አልቋል፣ አምፖሉ ነበር ማለት ነው። ያ ጋራዥ!

ባለቴስተሩ፦

አላለቀም።

ባዶ ሶኬት ላይ ለክተህ 12.4 ብታገኝ ምንም አይነግርህም። ይሄ ነገር ብዙ ሰው ይሸውዳል እኔንም ሸውዶኛል፣ ሽቦ ውስጡ ተበጣጥሶ ሁለት ክር ብቻ ቢቀረው እንኳን ምንም ካልተጫነበት ቴስተሩ ሙሉ ቮልት ነው የሚያሳይህ። ቧንቧ ተዘግቶ እንኳን ግፊቱ አለ አይደል፣ ስትከፍተው ነው ውኃው ጠብ ጠብ የሚለው። የድሮውን አምፖል መልስና እየበራ ሳለ ለካው። ፕላሱን አንዴ ከሶኬቱ ማይነስ ጋር ለካ፣ ቀጥሎ ከመኪናው ላሜራ ጋር ለካ። ሁለተኛው ሙሉ ሆኖ የመጀመሪያው ካነሰ ችግሩ ማሳው ነው፣ ማለትም ማይነሱን ከመኪናው ላሜራ ጋር የሚያገናኘው ሽቦ።

ኤልኢዲው የበራልህ ሽቦህ ስለዳነ ሳይሆን የሚስበው በጣም ትንሽ ስለሆነ ነው። በሽታውን ሸፈነልህ እንጂ አላዳነህም። የቀረችው ክር አንድ ቀን ትበጠስና እንደገና ጨለማ ነው፣ ወይ ደግሞ ፕላሱ ላስቲኩ ተላጦ ኮፈኑን ይነካና ቴይል ፊውዝ ይሄዳል፣ ማታ ቢሾፍቱ መንገድ ላይ ከሲኖ ፊት ያለ ኋላ መብራት መሄድ ደግሞ ታውቀዋለህ።

ሳትለካም የምታውቅበት መንገድ አለ፣ መብራቱን አብርተህ የኋላ ኮፈኑን ክፈትና ማጠፊያው ጋ ያለውን የሽቦ ጥቅል በእጅህ እጥፍ ዘርጋ እያደረግክ ሌላ ሰው መብራቱን ይይልህ። ሽቦው በሃያ ዓመት ስንት ሺህ ጊዜ እዛች ቦታ ላይ እንደታጠፈ አስበው።

ኮሮላ_ከሳሪስ፦

ወይ ጉድ። የድሮውን አምፖል ከትቼ ስለካ 9.3 አሳየኝ፣ ከላሜራው ጋር ሲሆን 12.2። ከዛ የማጠፊያው ጋ ያለውን ጥቅል ስጫነው ልጄ ከኋላ "አባዬ በራ! አባዬ ጠፋ! በራ!" እያለ ሰፈሩን አናወጠው።

ናስትሮውን ፈትቼ አየሁት። የድሮው ናስትሮ ወደ ሙጫነት ተቀይሯል እጄ ላይ አልላቀቅ አለ። ውስጡ ጥቁሩ ሽቦ ላስቲኩ ዙሪያውን ተሰንጥቆ መዳቡ አረንጓዴ ሆኗል፣ በጥፍሬ ገለል ሳደርገው ሦስት ክር ነች የቀረችው፣ እንደ ፀጉር። አጠገቡ ያለውም ላስቲኩ መሰንጠቅ ጀምሯል ግን መዳቡ ገና አልታየም። እና አሁን ምን ላድርግ፣ ጠምዝዤ በናስትሮ ላሽገው?

ባለቴስተሩ፦

ጠምዝዘህ አትሽገው፣ እዛ ቦታ ላይ ክረምት አያልፍም። የተበላውን ክፍል ከሁለቱም በኩል ንጹሕ መዳብ እስክታገኝ ቁረጠው፣ አረንጓዴው ላይ ሶልደር አይይዝም። ከዛ በመሃል አዲስ ሽቦ ጨምርበት፣ ብዙ ክር ያለው ለስላሳ የመኪና ሽቦ ይሁን፣ የቤት መብራት ሽቦ አንድ ወፍራም መዳብ ስለሆነ በወር ውስጥ ይሰበራል። ትንሽ ረዘም አድርገው ኮፈኑ ሲከፈት እንዳይወጠር። ዋናው ነገር ብየዳው የሚታጠፈው ቦታ ላይ እንዳይሆን፣ ሶልደር የገባበት ሽቦ ድርቅ ይላል እና ጫፉ ላይ ነው የሚሰበረው፣ ስለዚህ ሁለቱን መገጣጠሚያ ከማጠፊያው ወዲህና ወዲያ አርቃቸው። ከመበየድህ በፊት በሙቀት የሚኮማተረውን ቱቦ ሽቦው ላይ ማስገባት አትርሳ፣ ሁሉም ሰው አንዴ ይረሳዋል ከዛ እንደገና ይፈታል። ላስቲኩ የተሰነጠቀውንም አብረህ ቀይረው፣ ተከፍቶልህ እያለ።

ሶልደር ከሌለህ የሰፈር ሬዲዮ ጠጋኝ ጋ ውሰዳት፣ አሥር ደቂቃ አይፈጅበትም።

ጎልፍ_እና_ቡና፦

እኔ ይሄን ሁሉ አንብቤ ነገ የኔንም ልከፍት ነው እግዜር ይርዳኝ

ኮሮላ_ከሳሪስ፦

ተሠራ። ሰፈራችን ቴሌቪዥን የሚጠግን ሽማግሌ አሉ፣ ማሽናቸውን ይዘው ወጥተው መኪናዋ ጋ ቆመው ነው የበየዱልኝ፣ ገንዘብ ስሰጣቸው ማኪያቶ ጋብዘኝ አሉ። ቱቦውን ረስተውት ነበር፣ አስታወስኳቸው፣ ሳቁ።

አሁን በድሮው አምፖል ስለካው 12.1 ነው። ኤልኢዲዎቹን መልሼ ገጠምኩ፣ ማናዬ እንዳለው 20 እርምጃ ሄጄ አነበብኩት፣ ፎቶም አነሳሁት ቁጥሩ ጥርት ብሎ ወጣ። አንድ ያልጠበቅኩት ነገር ግን፣ ታርጋው ደምቆ ሲታይ በስተቀኝ ጥጉ ወደ ውስጥ የታጠፈ መሆኑን ዛሬ ነው ያየሁት፣ ፓራውልቱም ላይ ጭረት አለ። ባለቤቴን ጠየቅኳት። "እሱማ ድሮም ነበረ" አለችኝ።