ድመቴን ከኢንሱሊን ላውጣት ወይስ ገና ነው?

የድመቷ እናት (ሜሪላንድ)፦
ሰላም ለሁላችሁ። ድመቴ 11 ዓመቷ ነው፣ ስኳር እንዳለባት ካወቅን 3 ወር ሆነን። በቀን ሁለቴ 1 ዩኒት ግላርጂን የሚባል ኢንሱሊን እወጋታለሁ። ደረቁን ምግብ ትቼ ካርቦሃይድሬቱ ዝቅ ያለ የቆርቆሮ ምግብ ካስጀመርኳት ወዲህ ስኳሯ እየወረደ መጣ፤ ዛሬ ጠዋት ከጆሮዋ ጫፍ ጠብታ ወስጄ ስለካ 78! ደንግጬ መርፌውን ዘለልኩት። በቃ ላቁመው?

ቡራቡሬ፦
እንኳን ዘለልሽው። ግን አሁኑኑ ለሐኪሟ ደውይ፣ በራስሽ በአንዴ አታቁሚው። የኔም እንዲሁ ነበር፤ ወደ ግማሽ ዩኒት አወረዱልኝ፣ ቁጥሩን እያዩ ነው ቀስ ብለው ያስቆሙት። ግማሽ ዩኒት መስመር ያለው ሲሪንጅ ግዢ፣ በዓይን ግምት አይሆንም። ግላርጂንን ደግሞ በውሃ እንዳታቀጥኚው።

ዝምተኛው፦
መለኪያሽ የሰው ነው የእንስሳ? የሰው መለኪያ በድመት ደም ላይ ብዙ ጊዜ ዝቅ አድርጎ ያነባል። ማር ከእጅሽ አይራቅ፤ ከተንገዳገደች ወይ ከፈዘዘች ድዷን ቀቢያትና ወደ ሐኪም ሩጪ።

የድመቷ እናት፦
የሰው ነው እኮ! ደወልኩ፣ ማታ ደግሜ ለክቼ እንድነግራቸው ነው ያሉኝ።

ቡራቡሬ፦
ጎሽ። ያለ መርፌ 4 ሳምንት ስኳሯ ደህና ከሆነ ያኔ ከኢንሱሊን ወጣች ይባላል። ከዚያም በኋላ መለካቱን አትተዪ፣ ሊመለስ ይችላል። እንግዳም ተቆጣጠሪ፣ የኔን አክስቴ ተደብቃ ዳቦ ስታጎርሰው ነው የያዝኳት።