ዲጂታል ማይክሮስኮፕ ለቴምብር ምርመራ፦ «ቦስታ» የተመታበት የምኒልክ ቴምብር እውነተኛ መሆኑን በምን ልለይ?

ጠያቂ፦ የደብረ ብርሃኗ

ጤና ይስጥልኝ። አያቴ ትተውልን ያለፉት የቴምብር አልበም እኔ እጅ ነው ያለው። አብዛኛው የጃንሆይ ዘመን ነው። መጀመሪያዎቹ ገጾች ላይ ግን የዳግማዊ ምኒልክ ምስል ያለባቸው ትንንሽ ቴምብሮች አሉ፤ ከእነሱ ሁለቱ ላይ በሐምራዊ ቀለም «ቦስታ» (ፖስታ ማለት ነው) የሚል ጽሑፍ ተመቶባቸዋል። እንዲህ ያለው ማኅተም ብዙ ሐሰተኛ አለው ሲባል ስለሰማሁ ላፕቶፕ ላይ የሚሰካ ዲጂታል ማይክሮስኮፕ ገዛሁ። ካርቶኑ ላይ «1000 እጥፍ» ይላል።

ችግሬ ይህ ነው። በጣም ሳጎላው ምስሉ ጭጋግ ይሆንብኛል። የራሱ መብራት ቀለሙ ላይ ያበራና ነጭ ነጠብጣብ ያሳየኛል። ስልኬ ላይ ስሰካው ደግሞ ምንም አይከፍትም። ከሁሉም በላይ፣ ምስሉ ቢጠራስ ምኑን ነው የማየው? ልሸጠው አይደለም። አያቴ የደከሙበትን ነገር በትክክል መዝግቤ ማስቀመጥ ነው የምፈልገው።

መልስ፦ ጥገና ሸዋ ሮቢት

እህቴ፣ ስለ መሣሪያው እኔ ልንገርሽ፣ ስለ ቴምብሩ የሚያውቁት ይመልሱልሻል።

1000 እጥፍ የሚለውን እርሺው። እንዲህ ያሉ ርካሽ መሣሪያዎች በሌንሳቸው የሚያጎሉት ከጥቂት አሥሮች እስከ 200 እጥፍ ገደማ ነው፤ የቀረው በሶፍትዌር የተለጠጠ ምስል ነው። ቁጥሩም ምስሉን በምታዪበት ስክሪን ስፋት ይለዋወጣል። ለቴምብር ከ20 እስከ 60 እጥፍ በቂ ነው። አንድ ፊደል ሙሉውን ስክሪን እስኪሞላ ድረስ አጉልተሽ እዚያው ቁሚ።

መሃሉ ላይ ያለው ተሽከርካሪ ቀለበት ፎከስም ማጉያም ነው። ርቀቱን ሳትቀይሪ ቀስ እያልሽ ብታዞሪው አብዛኛውን ጊዜ ሁለት ቦታ ላይ ይጠራል፦ አንዱ ዝቅ ያለ ማጉላት፣ ሌላው ከፍ ያለ። አንቺ ዝቅተኛውን ያዢ። ፎቶ ስታነሺ ማይክሮስኮፑ ላይ ያለውን ቁልፍ አትጫኚ፣ ይነቃነቃል፤ ከላፕቶፑ አንሺ።

ነጸብራቁን በተመለከተ፣ ዙሪያውን ያሉትን አምፖሎች በማስተካከያው አጥፊያቸው። የስልክ ባትሪ (ቶርች) ከጎን፣ ከጠረጴዛው ብዙም ሳይነሳ፣ ተኝቶ እንዲበራ አድርጊ። አምፖሎቹ የግድ ካስፈለጉሽ በስስ ነጭ ሶፍት ሸፍኛቸው።

ስልክሽ አንድሮይድ ከሆነ የኦቲጂ ማገናኛ (የዩኤስቢ ዕቃ ስልክ ላይ የሚያሰካ) እና የዩኤስቢ ካሜራ መክፈቻ አፕ ይፈልጋል። አይፎን ከሆነ እንዲህ ያለውን ባለ ገመድ ማይክሮስኮፕ በቀጥታ አይቀበልም፤ በላፕቶፕ ቀጥይ።

መልስ፦ የአንጎለላው ሽማግሌ

ልጄ፣ የያዝሽው የአገርሽ የመጀመሪያ ቴምብር ነውና በወረንጦ ያዢው፣ በጣትሽ አትንኪው። ምስላቸውን የምታዪው ንጉሥ የተወለዱት እዚሁ ከደብረ ብርሃን አጠገብ፣ አንጎለላ ነው። ቴምብሮቹ እ.ኤ.አ. በ1890ዎቹ አጋማሽ ፓሪስ ታተሙ፤ ሥዕሉ የፈረንሳዊው ቀራጭ የኤዥን ሙሾን ነው። ሰባት ዓይነት ናቸው፤ ከሩብ እስከ ሁለት ግርሽ (የዚያ ዘመን ገንዘብ) ያሉት አራቱ የንጉሡ ምስል፣ አራት፣ ስምንትና አሥራ ስድስት ግርሾቹ አንበሳ አለባቸው። «ቦስታ» የሚለው ማኅተም በላያቸው የተመታው እ.ኤ.አ. በ1902 ነው።

አሁን ዋናውን ነገር ልብ በይ። «ቦስታ» ያልተመታበት ቴምብር ብዙ ስላለ ዋጋው ርካሽ ነው። ስለዚህ አታላይ ቴምብሩን አስመስሎ ማተም አያስፈልገውም፤ እውነተኛውን ርካሽ ቴምብር ገዝቶ የውሸት ማኅተም ይመታበታል። ወረቀቱ እውነተኛ፣ ሥዕሉ እውነተኛ፣ ማኅተሙ ብቻ ሐሰት ይሆናል። ማይክሮስኮፑን ሁለት ጊዜ የምትጠቀሚበት ለዚህ ነው፤ መጀመሪያ ቴምብሩን፣ ቀጥሎ ማኅተሙን ለይተሽ መርምሪ።

ቴምብሩ የታተመው ፊደሉ ከፍ ባለ የብረት ቅርጽ ተጭኖ ነው። በ40 እጥፍ ገደማ የመስመሩን ጠርዝ ስታዪ ቀለሙ ወደ ዳር ተገፍቶ ጠቆር ያለ ስስ ከንፈር ያበጃል፣ መሃሉ ፈካ ይላል። ጀርባውን ገልብጠሽ መብራቱን ከጎን ብታበሪ አንዳንዴ የተጫነበት እብጠት ይታያል። በኮምፒውተር ማተሚያ የተቀዳ ከሆነ ግን መስመር የመሰለሽ ነገር ጤፍ እንደተበተነበት ምንጣፍ የነጠብጣብ ክምችት ሆኖ ታገኚዋለሽ፣ ከጠርዙ ውጭም የባዘነ ነጥብ አይጠፋም። ይህንን በአንድ አፍታ ትለዪዋለሽ።

ማኅተሙ ከባድ ነው። በእጅ የተመታ ቀለም በወረቀቱ ክሮች ውስጥ ሰርጎ ይገባል፤ አንዱ ወገን ደመቅ፣ ሌላው ፈዘዝ ማለቱ የእጅ ምት ባሕርይ ነው። ቴምብሩ በፖስታ ቤት ማኅተምም የተሰረዘ ከሆነ ሁለቱ ቀለሞች የተገናኙበትን ቦታ ፈልጊ። «ቦስታ» መጀመሪያ መመታት ነበረበት፣ የፖስታ ቤቱ ማኅተም በኋላ። «ቦስታ» ከላይ ካረፈ ቴምብሩ ካገለገለ በኋላ የተጨመረ ነው ማለት ነው።

ደብረ ብርሃን ጠዋት ብርዱ ታውቂዋለሽ፤ ጎንበስ ብለሽ ስታዪ እስትንፋስሽ ቴምብሩ ላይ ጤዛ እንዳይሆን። ሙጫ ያለውን እርጥበት ያጠፋዋል።

መልስ፦ አንኮበሬ

ይሄ ሁሉ ድካም ለምን? አልትራቫዮሌት መብራት ግዢና አብሪበት። የሚያበራ ከሆነ ሐሰት፣ የማያበራ ከሆነ እውነተኛ ነው። እኔ እንደዛ ነው የማደርገው።

መልስ፦ የአንጎለላው ሽማግሌ

ወንድሜ፣ መብራቱ ጥሩ ነው፣ ፍርዱ ግን ጎደሎ ነው። ወረቀት የሚያነጣ ኬሚካል በስፋት የገባው ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ስለሆነ የ1890ዎቹ ቴምብር በሰማያዊ ነጭ ብርሃን ካንጸባረቀ በእርግጥ ሊያጠራጥር ይገባል። ልጃችን የጠየቀችው ግን ስለ ማኅተሙ ነው። ወረቀቱ እውነተኛ ከሆነ ሐሰተኛ ማኅተም ስለተመታበት ብቻ ወረቀቱ አያንጸባርቅም። በአንተ መንገድ ከሄድን ሐሰተኛውን ሁሉ እናጸድቃለን። ልጄ፣ መብራቱን የምትገዢም ከሆነ 365 ናኖሜትር (የብርሃኑ የሞገድ ርዝመት) የሚለውን ፈልጊ፤ 395 የሚለው ራሱ ሐምራዊ ብርሃን ስለሚበዛበት ያደናግራል።

ጠያቂ፦ የደብረ ብርሃኗ

ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ። የሸዋ ሮቢቱ ወንድሜም ተባረክ፣ ባትሪውን ከጎን ሳበራ ነጩ ነጠብጣብ ጠፋ፣ ምስሉም ጠራ። ጠርዙ ላይ ያለው ጠቆር ያለ ከንፈር በሁለቱም ላይ አለ፣ የተበተነ ነጥብ የለም።

አንደኛው ቴምብር ላይ ጥቁር የፖስታ ቤት ማኅተም ሐምራዊውን «ቦስታ» ያቋርጠዋል። ጥቁሩ ከላይ ያለ ይመስላል። ስለዚህ እውነተኛ ነው ልበል? ሌላው ቴምብር ያልተሰረዘ ስለሆነ የሚነጻጸር ነገር አጣሁበት። ደግሞ ጥርሱ (ዳሩ ላይ ያለው የተበሳ ቅርጽ) በአንድ ወገን ብቻ ልሙጥ ነው።

መልስ፦ የአንጎለላው ሽማግሌ

ቸኩለሽ አትጻፊ ልጄ። ጥቁር ቀለም ከፈዛዛ ቀለም ጋር ሲገናኝ ከታችም ሆኖ ከላይ ያለ ይመስላል፤ ዓይን ወደ ጠቆረው ያደላል። ባትሪውን በአራቱም አቅጣጫ እያዞርሽ ፎቶ አንሺ። ከላይ ያለው ቀለም መገናኛው ላይ አንጸባራቂነቱ ሳይቋረጥ ይቀጥላል። በአራቱም ፎቶ ያው ከሆነ ጥሩ ምልክት ነው። ካልሆነ «አልታወቀም» ብለሽ መዝግቢ፤ ይህም የሚያሳፍር መዝገብ አይደለም።

የጥርሱን ነገር ማየትሽ ደስ ብሎኛል። ቴምብር ከሉሁ ሲገነጠል ጥርሱ ጫፍ ላይ የተበጠሰ የወረቀት ክር ይቀራል። በአንድ ወገን ክሩ ከሌለና ጫፉ በምላጭ እንደተቆረጠ ከሆነ ያ ወገን በመቀስ ተስተካክሏል ወይም ጥርሱ በኋላ ተበስቶለታል። ከሌሎቹ ሦስት ወገኖች ጋር በአንድ ዓይነት ማጉላት አነጻጽሪው።

ላልተሰረዘው የሚቀርሽ የማኅተሙን ቅርጽ ማነጻጸር ነው። አዲስ አበባ ዋናው ፖስታ ቤት ያለውን የፖስታ ሙዚየም ሄደሽ እይ፤ ውጭ አገር ደግሞ ቴምብር መርምረው የምስክር ወረቀት የሚሰጡ የባለሙያ ኮሚቴዎች አሉ። የማኅተም ሐሰት ሲሆን ማይክሮስኮፕ ጥያቄውን ያጠብልሻል እንጂ ፍርዱን አይሰጥሽም። ማረጋገጫ የሚሆነው ከታወቀ እውነተኛ ምት ጋር ሲገጥም ነው።

መልስ፦ መንዜው ሰብሳቢ

አልበሙ ውስጥ እ.ኤ.አ. የ1919 የዱር እንስሳት ቴምብሮች ካሉሽ ማይክሮስኮፑ እዚያ የበለጠ ይጠቅምሻል። በኋላ ድጋሚ የታተሙት ሙጫቸው ቡናማ ሆኖ በሰያፍ የተሰነጣጠቀ ነው፤ የመጀመሪያዎቹ ነጭና ልስልስ ናቸው። ጀርባቸውን ከጎን በበራ መብራት በ20 እጥፍ እይው። ያገለገሉት ላይ ሙጫ ስለማይኖር ይህ አይሠራም።

መልስ፦ ጥገና ሸዋ ሮቢት

እህቴ፣ ለማነጻጸር ፎቶ ስታነሺ የሚሊሜትር ማስመሪያ ጎኑ አስቀምጪና በአንድ ፎከስ አንሺ። ቀለበቱን ካዞርሽ ልኬቱ ይቀየራል፣ ማስመሪያውንም እንደገና ማንሳት ይኖርብሻል። የቴምብሩን ሙሉ ገጽ ግን በማይክሮስኮፕ አትድከሚ፤ በስካነር 1200 ዲፒአይ አድርጊው።