የዳንክልኦስቲየስ (ጭንቅላቱ በአጥንት ጋሻ የተሸፈነ የጥንት ዓሣ) መንጋጋ ተሰበረብን! ነገ ጠዋት ለተማሪዎች ይታያል

ጠያቂ፦ ጭንቅላቱን ከጠረጴዛ ስናነሳ የታችኛው መንጋጋ የፊት ጥርስ፣ 8 ሴንቲ ሜትር ያህል፣ ተገንጥሎ ወደቀ። በሱፐር ግሉ አጣበቅነው፣ ወዲያው ለቀቀ። በምን ይያዛል? እባካችሁ ቶሎ!

ገደል፦ ኢፖክሲ፣ ሁለቱ ክፍል ተቀላቅሎ የሚደርቀው ሙጫ።

ጋሻ ዓሣ፦ መጀመሪያ ነገር ጥርስ አይደለም። ዳንክልኦስቲየስ ጥርስ የለውም፤ ያ ስለት ራሱ የመንጋጋው አጥንት ነው፣ የላዩና የታቹ እንደ መቀስ እየተፋተጉ ይሳላሉ። መግለጫችሁ «10 ሜትር» የሚል ከሆነም አርሙት። ከጋሻው በኋላ ያለው አካሉ እንደ ጆሯችን ያለ ልም አጥንት ስለነበር ተርፎ አልተገኘም፤ የድሮው ርዝመት ግምት ነው። በ2023 የወጣው የረስል ኢንግልማን ጥናት ትልቁን ወደ 4.1 ሜትር አውርዶታል።

ጠያቂ፦ ወንድሜ፣ አሁን የቸገረኝ ርዝመቱ አይደለም!

ሰርሳሪ፦ እውነተኛ አጥንት ነው ወይስ ቅጂ? አጥንት ከሆነ ኢፖክሲ እንዳትነኩት፤ በአሴቶን የሚሟሟ፣ በኋላ ሊላቀቅ የሚችል ፓራሎይድ ቢ-72 የሚባል ሙጫ ነው የሚሻለው።

ጠያቂ፦ ቅጂ ነው፣ ሬዚን (በቅርጽ ፈስሶ የደረቀ ፕላስቲክ)።

ገደል፦ እንግዲያው ኢፖክሲ ብያለሁ። ጣታችሁን ጠብቁ፣ ከ360 ሚሊዮን ዓመት በኋላም ይነክሳል 😀

ሰርሳሪ፦ ኢፖክሲ ብቻውን አይበቃም፤ ስለቱ ወደ ላይ የቆመ ስለሆነ ትንሽ ሲነካ ይገነጠላል፣ ሽቦ ያስፈልገዋል። የደረቀውን ሱፐር ግሉ በቢላ ፋቁት፤ በላዩ ላይ ኢፖክሲ አይዝም። ሁለቱንም ፊት በ80 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት አሻክሩና በአልኮል ጥረጉ። በ3 ሚሊ ፑንታ አንዱን ወገን 2 ሴንቲ ሜትር ብሱ፣ ቀስ ብላችሁ፤ ከፈጠናችሁ ሬዚኑ ይቀልጣል። የቀዳዳው አፍ ላይ ቀለም ቀብታችሁ ሌላውን ወገን ግጠሙበት፣ ምልክቱ ያረፈበትን ብሱ። 4 ሴንቲ ሜትር የማይዝግ ሽቦ አስገቡ። ባለ 5 ደቂቃውን ኢፖክሲ እኩል በእኩል ቀላቅሉ፣ አጣብቁ፣ መንጋጋውን ሩዝ በሞላ ሳፋ ውስጥ ስለቱ ቀጥ ብሎ እንዲቆም ቅበሩት። ሙሉ ጥንካሬው በ24 ሰዓት ነው፤ ስለዚህ ነገ ተማሪ አይንካው። ስታነሱትም ከኋላ ያዙ።

ጋሻ ዓሣ፦ የስንጥቁን ክፍተት በስቱኮ ሙሉት። መግለጫውንም አርሙ፣ «ጥርስ» አትበሉ።

ጠያቂ፦ ፑንታው 4 ሚሊ ብቻ ነው ያለን፣ ይሆናል?

ሰርሳሪ፦ ይሆናል፤ ሽቦውም 4 ሚሊ ይሁን። ከቀጠነ ቀዳዳውን በኢፖክሲ ሙሉት።