ጎረቤታችንን ለመርዳት ከየት ልጀምር? ቀበሌ መታወቂያ አምጪ ይላታል፣ መታወቂያ ለማውጣት ደግሞ...

ግቢው_ልጅ፦
ሰላም ጎንደሮች እንዴት ናችሁ። ይሄን ነገር ማንን እንደምጠይቅ ግራ ስለገባኝ ነው እዚህ የምጽፈው፣ ከረዘመ ይቅርታ። እኛ ግቢ ሰርቪስ ቤት ተከራይታ የምትኖር አንዲት እናት አለች፣ ከደምቢያ በኩል ከመጣች 3 ዓመት ሊሆናት ነው፣ ልጆቿ 3 ናቸው። ባልየው ለሰሊጥ ሥራ መተማ ብሎ ወጥቶ በዚያው ቀረ፣ አለ ሲሉ እንሰማለን እንጂ ሰባራ ሳንቲም ልኮ አያውቅም። እሷ እንጀራ እየጋገረች ለሁለት ምግብ ቤትና ለአንድ ሱቅ ታስረክባለች፣ መብራት ካለ ማለቴ ነው። ባለፈው ሁለት ቀን ሙሉ ጠፍቶ ሊጡ ከልክ በላይ ኮምጥጦ በባልዲ ወደ ቦይ ስትደፋው አየኋት፣ እኔን ስታይ ሳቀች። ሳቋ ነው የባሰብኝ።

ትልቋ ልጅ 11 ዓመቷ ነው፣ ቶንሲል እየተመላለሰባት ልቧን ነክቷታል ተብሎ በየ4 ሳምንቱ መርፌ ትወጋለች፣ ባለፈው ወር ግን ብር ስላልነበረ አልሄዱም። ትንሹ ሁለት ዓመት ሊሞላው ነው ግን ስታዩት የዓመት ልጅ ነው የሚመስለው። ቀበሌ ሄዳ እርዱኝ ስትል "መጀመሪያ መታወቂያ"፣ መታወቂያ ስትል "ከነበርሽበት መሸኛ አምጪ፣ ያከራየሽ ሰውም ይቅረብ" (የትኛው ቀበሌ እንደሆነ ይቅር)። መሸኛ ልታመጣ ብትል መንገዱን ታውቁታላችሁ፣ አከራይዋም እሺ አላለችም። መድኅን ሲባል ሴፍቲኔት ሲባል እሰማለሁ፣ የቱ ለማን እንደሆነ ግን አላውቅም። ምን ትሉኛላችሁ?

ዘመድ_የለኝም፦
ወንድሜ አትድከም። ዘመድ ካለህ ትጻፋለህ ከሌለህ "በሚቀጥለው ዙር" ትባላለህ። ለበዓል ማዕድ ማጋራት ብለው አንድ ሊትር ዘይትና ዱቄት ይሰጡሃል፣ ካሜራ ፊት ያቆሙሃል፣ ከዚያ እስከ ፋሲካ ማን ያውቅሃል።

ነጭ_ጋውን፦
ተስፋ አታስቆርጠው እንጂ አንተ ደግሞ። ጤና ጣቢያ ነው የምሠራው ስለማውቀው ልንገርህ ግቢው ልጅ። መጀመሪያ ሁለቱን ልጆች ለያይተህ እያቸው፣ ምክንያቱም ለትንሹ መታወቂያም መድኅንም አያስፈልግም። ነገ ጠዋት ጤና ጣቢያ ይዛው ትሂድ፣ ክንዱ ላይ ቀለም ያለው መለኪያ ቴፕ ያደርጉለታል፣ ከ11.5 ሴንቲሜትር በታች ከሆነ ወይም ሁለቱም እግሮቹ ካበጡ ከባድ የምግብ እጥረት ነው ማለት ነው፣ የሚበላ ከሆነና ሌላ ሕመም ከሌለው ፕላምፒ ናት (በፓኬት የሚመጣ ከኦቾሎኒ የተሠራ የሕክምና ምግብ) በነፃ ይሰጡትና በየሳምንቱ እየመጣ ይመዘናል። እግረ መንገዷን ክትባቱን ታስጨርስ፣ እሱም ነፃ ነው። የእርግዝና ክትትል፣ ወሊድ፣ የቲቢ ሕክምና፣ የቤተሰብ ምጣኔ፣ እነዚህ ሁሉ በመንግሥት ጤና ተቋም ክፍያ የላቸውም፣ ብዙ ሰው ግን ካርድ ማውጫ የለኝም እያለ ቤቱ ይቀራል። አንድ ነገር ንገራት፣ ፕላምፒውን ለሦስቱም ልጆች እንዳታካፍለው። እናት ናትና ታካፍላለች፣ ሁሌ ነው የማየው፣ ትልልቆቹ ዓይናቸው ፓኬቱ ላይ ሆኖ ለአንዱ ብቻ መስጠት ለእሷም ጭንቅ ነው፣ ግን ሲከፋፈል ማንንም አያድንም። እና ሱቅ ስትሸጡት ያየኋችሁ ደግሞ እግዜር ይይላችሁ።

ትልቋ ልጅ ግን አስጨንቃኛለች። ያ መርፌ ቤንዛቲን ፔኒሲሊን ነው፣ ቶንሲሉ እንዳይመለስና ልቧ ይበልጥ እንዳይጎዳ የሚሰጥ ነው፣ ለዓመታት ነው የሚቀጥለው፣ "ዛሬ ደህና ናት ይለፋት" የሚባል ነገር የለውም። ደህና የመሰለችው መርፌውን እየወሰደች ስለሆነ ነው። የሚቀጥለውን ወር ሳትጠብቁ በዚህ ሳምንት ትወጋ። አንዳንድ ጤና ጣቢያ መርፌው ሰውነት ያስቆጣል ብለው ፈርተው ወደ ሆስፒታል ይልካሉ፣ የክትትል ካርዷን ይዛ ወደምትከታተልበት ትመለስ።

ለእሷ ነው መድኅኑ የሚያስፈልገው። ማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድኅን ማለት ቤተሰቡ በዓመት አንዴ ይከፍልና ዓመቱን ሙሉ ሲታከም ኪሱ አይነካም፣ ከ18 ዓመት በታች ያሉ ልጆቿ በእሷ ደብተር ይካተታሉ። መክፈል የማይችል ደግሞ በቀበሌ ተለይቶ መዋጮውን መንግሥት ይሸፍንለታል። ግን ከጤና ጣቢያ ነው የሚጀመረው፣ የሪፈር ወረቀት ሳትይዝ ቀጥታ ሆስፒታል ከሄደች ወጪው ሙሉ በሙሉ አይሸፈንላትም። መነጽር፣ ሰው ሠራሽ ጥርስ፣ ውጭ አገር ሕክምና አይሸፍንም። መድኃኒት የለም ከውጭ ግዢ የሚሏት ቀን እንደሚኖር ከአሁኑ ትወቅ፣ አልዋሽህም፣ ይሄ እኛንም ያሳፍረናል።

ጡረተኛው_መምህር፦
ልጄ እግዚአብሔር ይስጥህ፣ እንዲህ የሚያስብ ወጣት አለ ማለት ነው። ስለ ሴፍቲኔቱ የጠየቅኸውን ልመልስ። የከተማው ሴፍቲኔት በ2009 ሲጀመር በ11 ከተሞች ብቻ ነበር፣ ከአማራ ክልል ደሴ ብቻ ነበረች፣ ጎንደር የገባችው ከዚያ በኋላ በሁለተኛው ዙር ነው። ሁለት ዓይነት ነው። ጉልበት ያለው በአካባቢ ልማት ይሠራል፣ ጽዳት፣ ችግኝ፣ የውኃ መፋሰሻ፣ ጠዋት ጠዋት መጥረጊያ ይዘው የምታያቸው እናቶች ብዙዎቹ እነሱ ናቸው፣ ክፍያው በባንክ ደብተር ይገባል፣ ከላዩ ቁጠባ ይቀነሳል። መሥራት የማይችል አረጋዊ ወይም አካል ጉዳተኛ ደግሞ ሳይሠራ ቀጥታ ድጋፍ ያገኛል። ጎረቤትህ መሥራት ስለምትችል የመጀመሪያው ላይ ነው የምትወድቀው፣ ግን ምዝገባ ሁልጊዜ ክፍት አይደለም፣ ዙር ጠብቆ ነው። ሲከፈት የሰፈር ሰዎች ያሉበት ኮሚቴ ነው የሚለየው፣ የቤቱም ሁኔታ ይጠየቃል፣ ስም ዝርዝር ተለጥፎ ሕዝብ አስተያየት ይሰጥበታል፣ ቅር ያለው ለቅሬታ ሰሚ ያመለክታል። ዘመድ የለኝም ያልከው ልጅ ያልከው ነገር የለም አልልም፣ እኔም ዓይኔ አይቷል፣ ግን ዝርዝሩ ሲለጠፍ ሄዶ የሚያነብ ከ10 ሰው አንድ አይገኝም፣ ሁላችንም ቤታችን ሆነን ነው የምናማው።

የመሸኛውን ነገር ደግሞ በአፍ አትጨቃጨቁ፣ በጽሑፍ ያመልክቱ። መንገዱ አላስኬድ ብሏት መሸኛ ማምጣት እንዳልቻለች፣ ከመቼ ጀምሮ የት ቤት እንደምትኖር፣ የልጆቿን ስምና ዕድሜ ጽፋችሁ፣ የሚያውቋት ሦስት የሰፈር ሰዎች ምስክር ሆነው ፈርመው ለሊቀመንበሩ ይግባ፣ ቅጂ ለክፍለ ከተማው ሴቶች፣ ሕፃናትና ማኅበራዊ ጉዳይ። በወረቀት የተጠየቀ ሰው በወረቀት ነው የሚመልሰው። መዝገብ ቤት ቁጥር ሳትቀበሉ አትውጡ። ቢያንስ ጊዜያዊ የነዋሪነት ማስረጃ ካገኘች ለመድኅኑም ይሆናታል።

አንድ ነገር ግን ከነከነኝ። "እኛ ግቢ" አልክ። አከራይዋ ማን ናት ልጄ?

ግቢው_ልጅ፦
እንዴ ጋሼ ያዙኝ እኮ። አከራይዋ አክስቴ ናት። እኔም የምኖረው እሷ ጋ ነው። አልጻፍኩትም አፍሬ ነው። እትዬ ክፉ ሆና አይደለም፣ ቀበሌ ቀርባ አከራይቻለሁ ብላ ከፈረመች የኪራይ ግብር ይመጣብኛል ብላ ፈርታ ነው፣ ደግሞም መታወቂያ ካወጣች በኋላ ቤቱን አልለቅም ብትልስ አለችኝ። እኔ እንዴት ደፍሬ ልናገራት፣ አሳድጋኛለች።

ጡረተኛው_መምህር፦
ገባኝ። ሴትዮዋን አንተ አትናገር፣ የእድሯን ዳኛ ወይም የነፍስ አባቷን ላክባት። ግብሩን በተመለከተ ተከራይዋ መታወቂያ አወጣችም አላወጣችም ኪራይ ገቢ ነውና ግብር አለበት፣ መደበቋ ግዴታውን አያስቀርላትም። መታወቂያ ማውጣት ደግሞ ቤት አያወርስም፣ ይሄን አስረዷት።

ቀለሟ፦
ጥያቄውን ሳየው አንድ የቀረ ነገር ስላለ ነው የገባሁት፣ ሕግ ነው የተማርኩት። አባትየው በሕይወት ካለ ልጆቹን የመቀለብ ግዴታ አለበት፣ ትቷት ሄደ ማለት ነፃ ወጣ ማለት አይደለም። የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሕግ ትምህርት ቤት ነፃ የሕግ ድጋፍ ይሰጣል፣ አቤቱታ ይጽፉላታል ያማክሯታል፣ አንድ ብር አይጠይቋትም። የዳኝነት ክፍያ መክፈል ካልቻለች ደግሞ በደሃ ደንብ ማመልከት ትችላለች፣ ማስረጃው የሚመጣው ግን እንግዲህ ከዚያው ከቀበሌ ነው፣ ዞሮ ዞሮ እዚያው። ሰውየው ያለበትን አድራሻ የሚያውቅ ሰው ፈልጉ፣ መጥሪያ የት ይደርሰው ይባላል፣ ብዙ የቀለብ መዝገብ የሚሞተው እዚያ ላይ ነው።

የእድሯ_ጸሐፊ፦
ሁላችሁም ጥሩ ብላችኋል ግን አንድ ሰው እንኳ እሷን ጠይቃት አላለም። የኔ ልጅ፣ ሳታማክራት ስለ እሷ እየዞርክ እንዳትለምን፣ ሰው ሲሰማ ደስ አይልም፣ ከገጠር የመጣች ሴት ደግሞ ክብሯ ከሆዷ ይበልጥባታል። እኛ እድር ውስጥ አንዴ እንዲህ አድርገን ጉድ ሆነናል። ለአንዲት አባላችን ብር አዋጥተን ስብሰባ ላይ አስቆምናት፣ እጅ ነስታ ተቀበለች፣ ከዚያ በኋላ ለቅሶ ቤት እንኳ ቀና ብላ አላየችንም፣ ዓመት አልሞላትም ከሰፈሩ ለቀቀች። አሁን እርዳታ ስናደርስ ማታ በአንድ ሰው እጅ ነው፣ ማን እንደወሰደ ደብተሩ ላይ በቁጥር ብቻ ነው የምጽፈው።

እድር አላት? ከሌላት አስገቧት። መግቢያው ቢከብዳት በየወሩ እየከፈለች ትጨርሰዋለች ብለን ያስገባናቸው አሉ። እድር ማለት ለሬሳ ብቻ እንዳይመስልህ፣ ቀበሌ ምስክር አምጪ ሲላት ሦስት ሰው የምታገኘው ከዚያ ነው። እና ያቺ አክስትህ የማን እድር ናት? እዚህ አትጻፈው፣ በውስጥ መስመር ላክልኝ።

ዘመድ_የለኝም፦
በቃ እድርና ቀበሌ ተባብረው ይጨርሷት 😅 ቀልዴን ነው። ደብተርና እስክሪብቶ ለመካከለኛው ልጅ እኔ እችላለሁ፣ አድራሻ ላክ።

ግቢው_ልጅ፦
ሰላም፣ ሦስት ሳምንት አልፎታል ጠፋሁ ይቅርታ። ምን እንደሆነ ልንገራችሁ።

መጀመሪያ እሷን ጠየቅኋት፣ እውነትም ደንገጥ ብላ "ለማን ነገርክብኝ" ነው ያለችኝ። ስም እንዳልጠራሁ ነገርኳት። ለልጆቹ ከሆነ እሺ፣ ለእኔ ግን ምንም አልፈልግም አለች። ትንሹ ጤና ጣቢያ ተለካ፣ 11.2 ሆነ። ፕላምፒ ጀምሯል፣ ፓኬቱን ጥጉን በጥርሱ ይዞ ነው የሚዞረው ማንም አያስቀማውም። ነጭ ጋውን ያልሽው አልቀረም፣ ሁለተኛው ልጅ ባዶውን ፓኬት ሲልስ አገኘሁት። አሁን እሱ ማታ ማታ እኛ ጋ ይበላል። ትልቋ መርፌውን ተወግታለች፣ ያንን የከፈልነው ከኪስ ነው።

አክስቴ... ማን እንደላከባት አላውቅም (አውቃለሁ) እሁድ ከቤተክርስቲያን ስትመለስ "ያ ወረቀት የታለ" አለችኝና ሰኞ ራሷ ቀበሌ ሄዳ ፈረመች። ማመልከቻው በጽሑፍ ገባ፣ ቁጥር ተቀበልን፣ ሁለቴ ተመላለስን፣ አንዴ ባለሙያው ስብሰባ ላይ ነው አንዴ ማህተም ያዡ የለም፣ በሦስተኛው ጊዜያዊ ማስረጃ ሰጧት። ለመድኅኑ መክፈል ከማይችሉት ጋር ስሟ ተመዝግቧል፣ ገና ሲጸድቅ ነው ደብተሩ የሚመጣው። ሴፍቲኔት አሁን ምዝገባ የለም ተባልን። ቀለቡን ግን አልፈለገችም፣ "ብጠራው ይመጣብኛል" አለች፣ እዚያ ላይ ዝም አልኩ።

ቀለሟ፦
ዝም ማለትህ ልክ ነው። እንዲህ የምትል ሴት ምክንያት አላት። የሕግ ድጋፉ ግን ለምክር ብቻም ይሆናል፣ ክሱን ሳትከፍት ሄዳ ብታወራቸው ምንም አይመጣባትም፣ ሐሳቧን ከቀየረች ንገራት።

የእድሯ_ጸሐፊ፦
ልጄ፣ ማክሰኞ ተዝካር አለብን፣ 60 እንጀራ ትችል እንደሆነ ጠይቃት። ጤፉን እኛ እናመጣለን፣ የእጇን በዋጋው እንከፍላለን። የእርዳታ አይደለም በላት፣ እንጀራዋን ሱቅ ገዝቼ ቀምሼዋለሁ።

ግቢው_ልጅ፦
ጠየቅኋት። መብራት ካለ እሺ ብላለች።